ሰው የማይሞትበት ፊልም

ማክሰኞ

ታደለ ሞቷል። እህቱ እትዬ አስካለ አያውቁም። እሑድ ሊነጋ ሲል መርዶ ይነገራቸዋል። እስከዚያ እንዳይሰሙ የማድረግ ሥራ እኔ ላይ ወድቋል።

የእድራችን ዳኛ ጋሽ ዘነበ ሱቄን ሳልከፍት በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ታደለ ትናንት ድሬዳዋ መንገድ ላይ ወድቆ ሆስፒታል ሳይደርስ አለፈ አሉኝ። ቀብሩ ነገ እዚያው ነው። እትዬ አስካለ ባለፈው ክረምት ልባቸውን ታመው ተኝተው ስለነበር ልጃቸው ሂሩት አጠገባቸው ሳትሆን እንዳይነገራቸው ተወስኗል። ሂሩት ለሥራ ጋምቤላ ናት። የምትደርሰው ቅዳሜ ነው።

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?"

"ፊልም ስጣቸው። ከቤት እንዳይወጡ፣ ዜና እንዳይከፍቱ፣ ሰው እንዳይናፍቃቸው። መቼም አንተ እይ ያልካቸውን ያያሉ።"

እውነት ነው። ፒያሳ የቪዲዮ ካሴት ማከራየት ከጀመርኩበት ጊዜ ጀምሮ ደንበኛዬ ናቸው። ካሴቱ ቀርቶ ሲዲ መጣ፣ ሲዲው ቀርቶ አሁን በፍላሽ እጭናለሁ። ሌላው ሰው ስልኩ ላይ ያያል። እርሳቸው ግን "ስልክ ምን እንደሚያምረኝ በምን ያውቃል? አንተ ታውቃለህ" ይላሉ። የምንኖረውም አንድ ግቢ ነው። የእርሳቸው መስኮት የግቢው በር ላይ ነው፤ የገባም የወጣም አያመልጣቸውም።

የሚያምራቸው ወንጀል ነው። አራት ኪሎ በጸሐፊነት ሠርተው ጡረታ ስለወጡ ከፊልሙ ሥር ያለውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከእኔ ፈጥነው ያነባሉ። ገዳዩን ከመርማሪው በፊት ይለዩታል። አሁን የያዙት የአንዲት ሴት መርማሪ ተከታታይ ድራማ ነው፤ የመጨረሻው ሲዝን ብቻ ቀርቷቸዋል። እዚያ ውስጥ የመርማሪዋ ወንድም ይሞታል።

ፋይሉ ተበላሽቷል እላቸዋለሁ።

ታደለ የክፍል ጓደኛዬ ነበር። ግቢ ውስጥ ማልቀስ አይቻልም።

ረቡዕ

ዛሬ ቀበሩት።

መጀመሪያ የስልኩ ነገር። ታደለ በየሁለት ቀኑ ይደውል ነበር። "ፍጥነቱ እንዲስተካከል ላሠራልዎት" ብዬ ስልካቸውን ወሰድኩና ከበሩ ውጭ ለሚሠራው ስልክ ጠጋኝ ለሽኩር ሰጠሁት። ሽኩር ሁሉንም ያውቃል። ከሰዓት እትዬ አስካለ ራሳቸው ሊጠይቁት ወጡ። እኔ ከኋላ ደረስኩ።

"ስልክዎ ሞ..." ብሎ ሽኩር ደነገጠ። "ሞልቷል እትዬ። ሚሞሪው ሞልቷል። ባዶ እስኪሆን ቀናት ይፈጃል።"

"ምን ሞላው? ሁለት ሰው ነው የሚደውልልኝ።"

"እነሱ ናቸዋ የሞሉት!"

ሳቁ። እኛ አልሳቅንም።

ሁለተኛው የፊልም ፍለጋው ነገር። እስከ ምሳ ሰዓት ያየሁትን ልጻፍ። የጣልያን አስቂኝ ፊልም፣ ሳይጀመር አያትየው ይሞታል። የህንዱ ምግብ አብሳይ፣ ሚስቱ ሞታበታለች። የኮሪያው የቢሮ ፍቅር፣ ወንድሙን መኪና ገጭቶታል። የእኛው አገር ኮሜዲ ስለ ውርስ ነው፤ ውርስ ካለ ሬሳ አለ። የእንስሳት ዘጋቢ ፊልም ደህና ነው ብዬ ከፈትኩ፣ የፔንግዊኑ ጫጩት በረዶ ላይ ቀረ።

በዚህ ሥራ ስኖር ይህን አስተውዬ አላውቅም። ለሰው እይ ብዬ የሰጠሁት ሁሉ ሞት አለበት።

በመጨረሻ ሁለት አገኘሁ። በአንድ መንደር የሚፎካከሩ ሁለት ዳቦ ጋጋሪዎች፣ እና የአትክልት ውድድር። ወሰድኩላቸው።

"መርማሪዋስ?"

"ፋይሉ ተበላሽቷል። እስከ ሰኞ አስተካክላለሁ።"

ረዘም አድርገው አዩኝ። ከዚያ ፍላሹን ተቀበሉ።

ሐሙስ

ጠዋት የጋጋሪዎቹን ፊልም እንዴት አገኙት ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ዳቦው ተቃጠለ።"

"እሺ?"

"እሺማ። ሁለት ሰዓት ሙሉ የሆነው ይኸው ነው። አንተ ታመሃል እንዴ?"

ያወጣኛል ብዬ ያሰብኩት አንድ የሠርግ ኮሜዲ ነበር። ጥሩ ፊልም ነው፤ ለማንም እይ እላለሁ። መሃሉ ላይ የሙሽራው አጎት ቀብር አለበት እንጂ። ሱቅ ቁጭ ብዬ ያንን ቆረጥኩት። ቆርጦ መቀጠል አልችልበትም፤ ሙዚቃው ዘለለ። ሲታይ አያስታውቅም ብዬ ሰጠኋቸው።

አራት ሰዓት አካባቢ ሁሉም ነገር ሊበላሽ ነበር። ከሥላሴ አካባቢ የሚኖሩ የአባታቸው ዘመድ ወሬውን ከየት እንደሰሙት እንጃ፣ ጥቁር ለብሰው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ሊያደርጉ ነው። መስኮቱ ክፍት ነው። ሽኩር ከወንበሩ ዘሎ ክንዳቸውን ያዘ።

"እማማ፣ ስልክዎ ወድቋል!"

"ስልክ የለኝም።"

"እንግዲያው ይግዙ! ይግቡ፣ ይግቡ።"

ጎትቶ ጠባቧ ሱቁ ውስጥ ከተታቸው። ውስጥ ሆነው ሲጣሉ ይሰማኛል፤ "ልቀቀኝ፣ ለልጄ ላልቅስለት"፣ "እሑድ እማማ፣ እሑድ፤ ስለ ማርያም"። ሽኩር ሙስሊም ነው።

እትዬ አስካለ ከመስኮት፣ "ማነው የመጣው?" አሉ።

"ገዢ ናቸው እትዬ! ዋጋ አልስማማ አሉ!"

"ስልክ በጥቁር ልብስ ነው እንዴ የሚገዛው?"

መስኮቱ ተዘጋ።

ዘመዳቸውን ጋሽ ዘነበ መጥተው በኋላ መንገድ ወሰዷቸው። ለጋሽ ዘነበ ልክ እየሠራን አይመስለኝም አልኳቸው። "ልባቸው ቢቆም አንተ ትጠየቃለህ?" አሉኝ። ይህ ጥያቄ ሲመጣ ክርክሩ ያበቃል።

ዓርብ

መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ፊልም የለም፣ ሬዲዮ የለም። የመጀመሪያው ደግ ነገር ብዬ ነበር። አልነበረም።

እትዬ አስካለ አስጠሩኝ። ሶፋው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። መድኃኒታቸው ጠረጴዛው ላይ።

"ታደለ አልደወለም።"

"ስልክዎ ሽኩር ጋ ነው።"

"ያንተ ስልክ ላይ ይደውል ነበር እኮ። የእኔ እምቢ ሲለው ያንተን ነው የሚሞክረው።"

"ኔትወርክ ይሆናል።"

"ሂሩትስ?"

"እሷም ጋምቤላ..." ብዬ ቀረሁ።

"እስቲ ፊልም ንገረኝ" አሉ። "መብራት ሲጠፋ እንደምታደርገው።"

ድሮ እንዲህ እናደርግ ነበር። ያላዩትን ፊልም እተርክላቸዋለሁ፤ ከወደዱት በኋላ ያዩታል። አፌ ላይ የመጣልኝን ጀመርኩ። ወደብ ያለባት ከተማ። እናት አባት የሌላቸው ልጆች። እህትየው ልብስ እየሰፋች ታናሽ ወንድሟን ታስተምራለች። ወንድሟ አድጎ መርከበኛ ይሆናል። እዚህ ስደርስ አቆምኩ፤ የቀረው የሚነገር አይደለም። ማዕበል ይመጣል። ፊልሙ የሚያልቀው እህትየው ወደቡ ላይ ቆማ ነው።

ለምን ይህን እንደመረጥኩ አላውቅም። ታደለን ያሳደጉት እርሳቸው ናቸው።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ሌላ አገር ደረሰ። እዚያው ኖረ።"

"እንዲሁ?"

"እንዲሁ።"

"አልጻፈላትም?"

"ጻፈላት።"

"ምን ብሎ?"

"ደህና ነኝ ብሎ።"

"ይህን ፊልም የሠራው ሰው እህት የለውም" አሉ።

ውሃ ቀድቼላቸው ወጣሁ። ውቤ በረሃ ድረስ ያለ ሥራ ሄጄ ተመለስኩ። ተማሪ ሳለን እኔና ታደለ በአንድ ትኬት ሲኒማ እንገባ ነበር፤ እኔ ግማሹን አይቼ እወጣለሁ፣ እሱ ሌላውን ግማሽ ያያል። ወደ ቤት ስንመለስ አንዱ ለሌላው ይነግራል። መጀመሪያውን ሁልጊዜ የማየው እኔ ነበርኩ። መጨረሻውን ከእሱ ነው የምሰማው።

ቅዳሜ

ሂሩት ጠዋት ገብታለች። ቀጥታ ጋሽ ዘነበ ቤት ወሰድናት፤ አምስት ኪሎ ነው። ዓይኗ አብጧል። "እማዬ ምን እያየች ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ለዛሬ የመዘምራን ውድድር ይዤላቸዋለሁ አልኳት። "እማዬ?" አለች።

ከሰዓት ያንኑ የመዘምራን ፊልም ይዤ ገባሁ። የመጨረሻው ነው፤ ዛሬን ካለፍን አለፍን። ፍላሹን ተቀብለው ሰኩት። አላጫወቱትም።

"ቁጭ በል ጌቱ።"

ተቀመጥኩ።

"ከካሴት ጀምሮ ሰው የማይሞትበት ፊልም አምጥተህልኝ አታውቅም። በዚህ ሳምንት አንድም ሰው አልሞተም። ዳቦ፣ ቲማቲም፣ መዝሙር። የሠርጉን ደግሞ ቆርጠኸዋል። ከመቆረጡ በፊት ደወል ሲደወል ሰምቻለሁ፤ ለሠርግ እንዲያ አይደወልም። ማን ነው የሞተው?"

ቴሌቪዥኑን አየሁ። ጠፍቷል። ጥቁሩ መስተዋት ላይ ሁለታችንም እንታያለን።

"ሂሩት ናት?"

ይህን አልጠበቅኩም። ድምፃቸው የሰው ድምፅ አይመስልም ነበር። ያኔ ገባኝ። አምስት ቀን ሙሉ የጠበቅናቸው መስሎን ምን ስናደርጋቸው እንደከረምን ገባኝ።

"ሂሩት ደህና ናት። እግዚአብሔርን። ጋሽ ዘነበ ቤት ናት፤ ዛሬ ነው የገባችው።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ፣ "እንግዲያው ታደለ ነው" አሉ።

አንገቴን ደፋሁ።

"ከሐሙስ ጀምሮ አንዱን ስገድል ሌላውን ሳድን ነው የሰነበትኩት። ልጄን ሳድን ወንድሜን፣ ወንድሜን ሳድን ልጄን። ይህን ታውቃለህ?"

"አላወቅኩም።"

"ተቀበረ?"

"ረቡዕ።"

"እኔ ሳልኖር።"

"አዎ።"

የሶፋውን ጠርዝ ጨበጡ። ተነስቼ መድኃኒቱን ያዝኩ፤ በእጃቸው ከለከሉኝ። ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኹም። የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ አደረጉ። እንዲያ ሆነው ቆዩ፤ እኔ ደረታቸው ሲወጣና ሲወርድ እያየሁ ቆምኩ። አንዴ የቆመ መሰለኝ። ከዚያ ተነፈሱ።

"ለእነሱ እንዳታወራ። ሂሩት ያን ሁሉ መንገድ የመጣችው እናቴን እደግፋለሁ ብላ ነው። ትደግፈኝ። ዘነበም ያርዳኝ፤ ደግ አደረግኩ ብሎ ይግባ።"

"እሺ።"

"አንተስ አልቅሰህለታል?"

"የት ሄጄ?"

"ምን ታደርግ፤ እኔ መስኮቱ ላይ ተጥጄ።" ሪሞቱን አቀበሉኝ። "ይህን መዝሙርህን ክፈተው። ድምፁን ጨምር።"

ከፈትኩት። ጨመርኩት። የሌላ አገር ሕፃናት ነጭ ለብሰው አፋቸውን ከፍተው ይዘምራሉ። ውጭ ላለ ሰው የሚሰማው እሱ ብቻ ነበር።

ስወጣ ሽኩር፣ "ዛሬስ ወደዱት መሰለኝ፤ ድምፁ ፒያሳን አልፏል" አለኝ። አዎ አልኩት።

እሑድ

ሊነጋ ሲል መጡ። ጋሽ ዘነበ፣ የንስሐ አባታቸው፣ ሂሩት፣ ጎረቤቶች። እኔ ከኋላ ቆምኩ። ሽኩርም አለ፤ ጋቢ ተበድሮ ለብሷል።

በሩ ተንኳኳ። ወዲያው አልከፈቱም። ከእንቅልፍ የሚነሳ ሰው የሚቆየውን ያህል ቆዩ። ስንገባ የሌሊት ልብስ ለብሰው ሻሽ አስረዋል። ትራሱ ሰው የተኛበት አይመስልም፤ ይህን ያየሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

"ምነው? ምነው በዚህ ጠዋት?" አሉ።

ጋሽ ዘነበ ተናገሩ። ያን ጊዜ ነው የጮኹት። ግቢው ሁሉ ተነሳ። ይህን ጩኸት ከትናንት ጀምሮ አፍነው አሳድረውታል፤ የማስመሰል አልነበረም። ሂሩት አቀፈቻቸው። በአንገቷ ላይ አሳልፈው አንዴ አዩኝ፣ ከዚያ ፊታቸውን ትከሻዋ ላይ ቀበሩ።

ጋሽ ዘነበ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "ጎበዝ። ምንም አልጠረጠሩም" አሉኝ። እጄን ጨበጡኝ። እኔም ጨበጥኳቸው።

ረፋዱ ላይ ድንኳኑ ተተከለ። ሽኩር ወንበር ሲያመላልስ ዋለ። የሥላሴዋ ዘመዳቸው መጥተው ከሐሙስ ጀምሮ የያዙትን ልቅሶ አወጡት፤ ሽኩርን ሲያዩት ግን ፊታቸውን አዞሩበት። ሂሩት የእናቷን የደም ግፊት ለካች። ከፍ ብሏል፤ የፈራነውን ያህል ግን አይደለም። ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድሩ አላውቅም። ማንም አያውቅም።

ቴሌቪዥኑን አንሶላ አልብሰውታል። እስከ አርባው አይከፈትም።

ወደ ማታ ሰው ሲቀንስ ጠሩኝ። ጎንበስ አልኩ።

"የመርማሪዋን የመጨረሻውን አስቀምጥልኝ" አሉ ቀስ ብለው። "ከአርባው በኋላ አየዋለሁ።"

"እትዬ፣ እዚያ ውስጥ..."

"አውቃለሁ። ፋይሉ ለምን እንደተበላሸ ትናንት ገብቶኛል።" ነጠላቸውን አስተካከሉ። "አንተም መጥተህ ታያለህ። መጨረሻውን ሳታይ እንዳትወጣ።"

ከድንኳኑ ወጥቼ ሱቅ ከፈትኩ። የመርማሪዋን ድራማ ማህደር አወጣሁ። የወንድሟ ነገር ያለበትን ክፍል ከፍቼ እስከ መጨረሻው አየሁት። ምንም አልቆረጥኩም። እንዳለ ፍላሹ ላይ ጫንኩት።