የሕያዋን ቃሬዛ

ይድረስ ለልጄ ለዓምሃ። የቁስቋሟ እናት በሰው አገር ሞገስ ትሁንህ፤ ከዚያ ከሞስኮ ብርድም ትከልልህ። እኔ አለሁ። ጣሪያው ማፍሰሱን ትቷል።

ዓምሃዬ፣ በሁለት ደብዳቤ ዋሽቼሃለሁ። እህትህ ሠርካዲስ የለችም። መርዶ በወረቀት አይነገርም ብዬ ደበቅኩህ፤ ከዚህ በላይ ግን አልቻልኩም።

ሐምሌ ላይ ምጧ ጠና። በዚያ ጭቃ ማኪና ሰፈራችን አይደርስም። የእድራችን ዳኛ አቶ መዝገቡ «በእድሩ ቃሬዛ ተሸክመን ጤና ጣቢያ እናድርሳት» ቢሉኝ፣ «ልጄን በቁሟ የሬሳ ቃሬዛ ላይ አላስተኛም!» ብዬ ጮኽኩባቸው። ደግፈን በእግሯ ወሰድናት። መንገድ ላይ ደሟ ፈሶ አለቀ፤ ልጁም አልተረፈም። በማግስቱ በዚያው ቃሬዛ ሸኘናት።

ከአርባዋ በኋላ አቶ መዝገቡ ለሕያው ሰው ብቻ የሚሆን ሌላ ቃሬዛ ይሠራ አሉ። ቀበሌው እንጨቱን ሰጠ፤ የሸማኔዎቹ ማኅበር ወፍራም ጨርቅ ሸመነ፤ የጤና ጣቢያው ድሬሰር መጥቶ አያያዙን ለሰፈሩ ሰው አስተማረ። የሚቀመጠው ቤተ ክርስቲያን፣ ዘበኛው ቤት ነው። እስካሁን ሦስት እናቶች ሄደውበት ልጅ ታቅፈው ተመልሰዋል። ጨርቁን የማጥበው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አላስነካም።

ብቻህን ሆነህ አታልቅስ፣ የአገር ልጅ ፈልግ። እህልም አትተው። የእሷን ዕድሜ ለአንተ ይጨምርልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፦ ከእንግዲህ ስትጽፍልኝ መጨረሻው ላይ «ሠርኬን ሳሚልኝ» አትበለኝ።

እናትህ ወለተማርያም