አባባ የፈታው ግጥም

ውድ ወንድም ጋሼ፣
ከራስ ጠጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ደህና ነን፤ ቤቱም ሳቅ በሳቅ ነው።

አባባ ያኔ አገር በተጨነቀች ጊዜ ስለ ነፃነት የጻፈበትን የግል ደብተር ትንሿ እህታችን ከመሳቢያ አውጥታ፣ ግጥሞቹን በቃሏ ይዛለች። ከጓደኞቿ ጋር አደባባይ ላይ ስታነብ ሰዉ ያጨበጭብላታል፣ ፖሊሶቹም ቆመው ያዳምጧታል አሉ።

እሁድ ምሳ ላይ አባባ ደብተሩን ተቀበላትና፣ «ልጄ፣ ፍቺውን ስተሽዋል። ‹የታሰረችው ንጋት› ያልኩት እናትሽን ነው፤ አባቷ ከቤት አላስወጣ ብሏት ነበር» አላት።

እማዬ ጭልፋዋን እንደያዘች «እኔን?» ብላ ፊቷ በራ።

ትንሿ ግን መች ትለቃለች! «‹ሺህ ሆነን እንቀስቅሳት› ያልከውስ?»

«እናትሽን ለብቻሽ ቀስቅሰሽ ታውቂያለሽ?»

እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። እሷም አባባን ግንባሩን ስማ፣ «አደባባይ ደርሼ ልምጣ» ብላ ወጣች። አባባ እስክትመለስ ምሳውን አልነካም፤ ማታ አብረን በላን።

ይልቅ አንተ ጋ ለእሷ የምትሆን ክፍል ትኖር ይሆን? ትምህርቱ እዚያ ይሻላል ይላል አባባ። በምግብ አታስቸግርህም፤ ብቻ በግጥም ታደነቁርሃለች።

መልስህ አይዘግይ እንጂ እኛስ ደስ ብሎን አለን።

ናፋቂ እህትህ