የተገለበጠው ካልሲ

ለልጄ፣

እጅሽ የነካው ሁሉ ይቃናልሽ፤ የምትውይበት ቤት ሰላም ይሁንልሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጣራው ማፍሰሱን አቁሟል፤ የስፌት መኪናዬም ዘይት ከጠጣች ወዲህ መጮኋን ትታለች።

በእጄ የሠራሁልሽን የሱፍ ሹራብ «ለብሼዋለሁ፣ ይሞቃል» ብለሽ ጽፈሻል። በላክሽው ፎቶ ላይ ግን የለበሰችው ጓደኛሽ ናት። ሦስት ወር የደከምኩበት ነበርና ተናድጄ ለወንድምሽ «ያ ቅብጠቷ ባሕር ተሻግራም አልለቀቃት» አልኩት።

በማግሥቱ ጠዋት ትንሿ ልጁ «ካልሲው ጣቴን ቆረቆረኝ» ብላ አለቀሰች። «ሰበብ ነው፤ አልብሳትና ትሂድ!» አልኩ። ወንድምሽ ካልሲውን ገልብጦ፣ ስፌቱን ወደ ውጭ አድርጎ አለበሳት። ወዲያው ለቅሶዋን ተወች።

«እማዬ፣ እህቴም ይህንኑ ነበር የምትለምንሽ» አለኝ።

የትምህርት ቤቱን ሁሉ የደንብ ልብስ የምሰፋው እኔ፣ ልጅ ሳለሽ የደንብ ልብስሽን የአንገት ስፌት በመቀስ ስለፈታሽ ደንበኞቼ ፊት አቁሜ ገርፌሻለሁ። ሴቶቹ ሲስቁ አብሬ ስቄአለሁ። አንገትሽ ቀልቶ እንደነበር አላየሁም ብል ውሸት ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ፤ ገላሽ የወደደውን አንድ ያረጀ ልብስሽን ላኪልኝ። ጨርቁን በጣቴ ዳስሼ ልወቀውና እሱን የመሰለ ልስፋልሽ። ከቆረቆረሽ ግን «ለብሼዋለሁ» ብለሽ አትጻፊልኝ፤ ቆረቆረኝ በይኝ። አሁን እሰማሻለሁ።

ለገላሽ የሚለሰልስ ዘመን ይስጥሽ።

እናትሽ