የታምሬ ሚኒባስ ኮምፒውተር

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት 4 ሰዓት

ሦስተኛው መኪና። ሁለቱ ቀላል ነበሩ። አንዱ የሴንሰር ሽቦ፣ አንዱ አዲስ ቁልፍ ከመኪናው ጋር ማስተዋወቅ። ይሄኛው የታምሬ ሚኒባስ ነው፤ ከሆሳዕና ዳምቦያ የሚመላለሰው ታምሬ። አንጋጫ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል ይላል። በመመርመሪያ ማሽኔ አየሁት። የሞተሩ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ፋይል የቆየ ነው። አዲሱን ልጭንበት ነው። ቢበዛ ሃያ ደቂቃ። ታምሬ ሻይ ሊጠጣ ሄዷል።

ያው ቀን፣ 8 ሰዓት

ደብተሬ፣ ኮምፒውተሩን ገደልኩት።

የሆነው እንዲህ ነው። ፋይል ሲጻፍ የመኪናው ባትሪ መውረድ የለበትም። ስለዚህ ቻርጀር እንሰካለን። ቻርጀሩ የሚሠራው በመብራት ነው። መብራት ከጠፋ ብለን ደግሞ ሁለተኛ ባትሪ በኬብል እናያይዛለን። አ.አ. ስማር አስተማሪያችን መጀመሪያ የነገረን ይሄንን ነው። ሁለተኛው ባትሪ ጠረጴዛዬ ሥር ነበር። ጎንበስ ብሎ ማውጣት ታከተኝ። ስድሳ በመቶ ላይ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ አልጠፋም። የመኪናው ባትሪ ግን የደከመ ነው፤ ወዲያው ወረደ። መጻፉ ተቋረጠ። ከዚያ ጭጭ። ማሽኔ ኮምፒውተሩን ቢፈልግ ቢፈልግ አያገኘውም። ሞተሩ አይነሳም።

እስከዚህ ስህተት ነው። ማንም ይሳሳታል። የሚያሳፍረው ቀጥሎ ያለው ነው።

ታምሬ ተመለሰ። ምን ሆነ አለ። እኔም ቶሎ ብዬ፣ በቅርቡ ብየዳ ተሠርቶበታል ወይ አልኩት። አዎ፣ ቅዳሜ ለት ጋሽ ሎዳሞ መወጣጫውን በይዶልኛል አለ። ባትሪውን ነቅሎ ነበር? አላየሁም አለ። ባትሪ ሳይነቀል ከተበየደ ቀን ቆይቶም ቢሆን ኮምፒውተር ይቃጠላል አልኩት። ይሄ ውሸት አይደለም፤ ይቃጠላል። ጋሽ ሎዳሞ አቃጥሎታል ብዬ በአፌ አላወጣሁም። ታምሬ ራሱ ጨረሰው። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ላፕቶፔን ዘጋሁ።

ደብተሬ፣ ጋሽ ሎዳሞን አንተ ታውቀዋለህ፤ ግን ልጻፈው፣ ይቆጥቁጠኝ። ላፕቶፕ ብቻ ይዤ ከአ.አ. ስመለስ ማንም መኪናውን አያምነኝም ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ግቢው ውስጥ ያሠራኝ እሱ ነው። ብየዳ ሊያሠሩ የመጡትን ሾፌሮች፣ ይሄን ልጅ ሞክሩት እያለ ያመጣልኝ እሱ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። 11 ሰዓት

ታምሬ ለመናኸሪያው ሁሉ አውርቷል። ጠዋት ሁለት ሾፌሮች እዚህ ቆመው ከእንግዲህ ሎዳሞ ጋ አንሄድም ሲሉ ሰማሁ። ጎማ የምመለከት መስዬ አጎነበስኩ።

ከሰዓት ጋሽ ሎዳሞ ራሱ መጣ። ሊጣላኝ ነው ብዬ ነበር። ቢጣላኝ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስቦ ተቀመጠና የብየዳ እሳት እንዴት ኮምፒውተር ድረስ እንደሚሄድ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ወረቀት ላይ ሣልኩለት፣ በዚሁ እስክሪብቶ። እንደ ተማሪ አንገቱን አስግጎ አየ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«ሠላሳ ዓመት በይጃለሁ። ሳላውቅ የስንቱን አቃጥዬ ይሆን?»

ድሮ የነበሩት መኪኖች ኮምፒውተር የላቸውም፣ አታስብ አልኩት። አጽናናሁት። ደብተሬ፣ እኔ እሱን አጽናናሁት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። 9 ሰዓት

ከትናንት ጀምሮ ሌላ ሥራ አልነካሁም። ኮምፒውተሩን ከመኪናው አውጥቼ ክዳኑን ከፈትኩ። የውስጡ ቦርድ ንጹሕ ነው። የተቃጠለ ሽታ የለ፣ የጠቆረ ቦታ የለ። ቀጫጭን ሽቦዎች በቀጥታ ቦርዱ ላይ አገናኘሁ። ሁለተኛውን ባትሪ አሰርኩ፤ አሁን ነው የማስረው! መጀመሪያ አላነበበም። በአራተኛው ሙከራ አነበበ። ግማሹን ያጣ ፋይል ነው እንጂ ሌላ ምንም አልሆነም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጻፍኩት። መቶ በመቶ።

ለአንድ ደቂቃ ያህል ደስ አለኝ። እውነት ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ገባኝ። የተቃጠለ ቦርድ እንዲህ አይመለስም። ጋሽ ሎዳሞ ምንም እንዳላደረገ በእጄ ይዣለሁ። ይሄንን በዚህ ከተማ የሚያውቅ ሰው ግን እኔ ብቻ ነኝ።

ታምሬ መጣ። ቁልፉን አንዴ ሲያዞረው ተነሳ። አቅፎ ሳመኝ። ሎዳሞ የገደለውን ብሩክ አስነሳው እያለ ለመንገደኛው ሁሉ ይናገራል። ክፍያ አልቀበልም አልኩ፤ ደግነት መሰለው። ጭራሽ መረቀኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ከወትሮው እጥፍ መኪና። ከሺንሺቾ ድረስ ስሜን ሰምቶ የመጣ አለ። ከእንግዲህ ምን ላድርግ፣ መኪናው ድኗል፣ ነገሩ አልፏል እላለሁ። ምሳ ግን አልበላሁም።

እሁድ፣ ኅዳር 14። ከቤ/ክ መልስ

ጋሽ ሎዳሞ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ከፊት፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ነው። ዛሬ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሲያልቅ ማንንም ሳያናግር ወጣ። ሚስቱ ደህና ነህ ወይ ልጄ አለችኝ። አዎ አልኩ። የተዘመረው አንዱም ጆሮዬ አልገባም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15። 10 ሰዓት

ነገርኩት።

እንዲህ ሆነ። ጠዋት አንድ የጭነት መኪና ሾፌር መጥቶ በያጅ አሳየኝ አለ። ጋሽ ሎዳሞ ጋ ሂድ ስለው ከዚያ ነው የመጣሁት፣ መኪና አልነካም፣ በርና መስኮት ብቻ ነው የምሠራው ብሎ መለሰኝ አለ። ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ።

የመስኮት ፍሬም እየለካ ነበር። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። መብራቱን፣ ጠረጴዛ ሥር የነበረውን ባትሪ፣ የታምሬን ጥያቄ፣ ዝምታዬን። ሜትሩን አስቀመጠ። ሲናደድ በሀዲይኛ ነው የሚናገረው። ዛሬ በአማርኛ ነው፣ ቀስ ብሎ።

«ባትሪውን ነቅዬ ነበር» አለኝ። «ቅዳሜ ለት። ነቅዬ በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። ትዝ ይለኛል።»

ታዲያ ለምን አልተናገርክም አልኩት።

«የተማርከው አንተ ነህ። አንተ ተቃጥሏል ካልክ፣ እጄ ረስቶ ይሆናል አልኩ። እያረጀሁ ነው፣ መርሳት ጀምሬያለሁ ብዬ ለሚስቴ ነገርኳት።»

የት ልግባ። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዞ አቆመኝ። ይቅር ብዬሃለሁም አላለኝ፣ ይቅር አልልህምም አላለኝ። ወሬው የተወራው መናኸሪያ ነው እንጂ እኔ ግቢ አይደለም አለና ሜትሩን አነሳ።

ነገ ጠዋት መናኸሪያ። ጻፍኩት፤ ከእንግዲህ መሸሽ የለም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። 3 ሰዓት

ታምሬ ተራ ይዞ ነበር። ለብቻው ልጠራው አሰብኩ። ለብቻው ብነግረው ግን ምን ዋጋ አለው። ሌሎቹ ሾፌሮች እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነገርኩት። ስድስት ሰባት ይሆናሉ። የጮኸብኝ የለም። ትናንት መኪናውን እኔ ጋ ያሳደረ አንዱ ብቻ ቁልፌን መልስልኝ አለ። መለስኩለት። እውነቱን ነው።

ታምሬ እጁን ከመሪው ላይ አነሳ። ከዚያ፦

«ኮምፒውተሩስ ይሁን፣ መልሰህ ሠርተኸዋል» አለ። «እኔ ግን በዚህ ሳምንት ሰውየውን ቆሞ እያየኝ ሰላም ሳልለው አልፌዋለሁ። ሁለት ጊዜ።»

ተሳፋሪዎቹን ቀጣዩ መኪና ላይ አስገባ። ተራውን ለቀቀ። ግባ አለኝ፣ ፊቴን ሳያይ። ይሄን የምጽፈው ጉልበቴ ላይ ነው፤ መኪናው እያንገጫገጨኝ ነው። መጀመሪያ የምናገረው እኔ ነኝ፣ አንተ ቆይ ብሎኛል ታምሬ። የጋሽ ሎዳሞ ግቢ ደረስን። በሩ ክፍት ነው። አጎንብሶ እየበየደ ነው፤ አላየንም። ታምሬ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ብየዳው ቆመ። እኔም ልውረድ።