ማንጎ የሚሸት እንፋሎት

ልጄ ያቤጽ፣ ጌታ በሰው አገር ከለላ ይሁንህ፤ የማያውቅህ ሰው እንኳ ይውደድህ። እኔ አለሁ። እህትህ መስከረም ሴት ልጅ ወልዳለች። ጂንካ ዝናቡ አላባራም፤ መብራትም በየቀኑ ይጠፋል።

ትምባሆ እንዲተው ብለህ ለአባትህ የላክህለት ያ በቻርጅ የሚሠራ ሲጋራ አቃጠለኝ። "ጭስ አይደለም፣ እንፋሎት ነው" ስላልከው፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ "ትምባሆ ተውኩ" ብሎ መሰከረ። ሰዉ እልል አለ፤ እኔም አለቀስኩ። አሁን ቀኑን ሙሉ ከአፉ አይለየውም። መብራት ጠፍቶ ቻርጁ ሲያልቅበት ደግሞ የድሮውን ሲጋራ ከሱቅ ገዝቶ ይመጣል። ሳሉ አላስተኛ ብሎናል። ሐኪሙ "ሁለቱንም ተው" ቢለው "ልጄ ክፉ ነገር አይልክልኝም" ብሎት ወጣ። እኔም ለምኜው ደከመኝ። ምእመኑ ጌታን አመስግኖ ጨርሷል፤ ዛሬ ደግሞ "ጸልዩለት" ብል ምን ይሉኛል?

ትናንት ልቀማው ስል ያንን ማንጎ የሚሸት እንፋሎት እፍ አለና "የልጄ ሽታ ነው፣ ተይልኝ" አለኝ። እጄን ሰበሰብኩ።

እባክህ ልጄ፣ ሌላ አትላክለት። ደውለህ "ተሳስቼ ነው" በለው፤ ካንተ በቀር የማንንም አይሰማም። ጌታ ዕድሜህን ያርዝመው። አባትህንም በሕይወት ለማግኘት ያብቃህ።

እናትህ ሽታዬ