ወራጅ እና ቀሪ፦ የመምህር አበረ ገብረ ማርያም ሕይወትና ያልተቋጨው ግጥማቸው

መምህር አበረ ከአባታቸው ከአቶ ገብረ ማርያም ይኸነው እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ስሜነሽ አየነው፣ በ1949 ዓ.ም. በወርኃ ጥቅምት፣ ከአዘና ወጣ ባለች የገጠር መንደር ተወለዱ። አፋቸውን የፈቱት በአገውኛ ነው፤ አማርኛን ያገኙት ትምህርት ቤት ነው። ካገኙት በኋላ ግን የሰው አማርኛ ሳያርሙ ማለፍ አልሆነላቸውም። ይህን ጽሑፍ ቢያዩትም ቀይ እስክሪብቶ አምጡልኝ ማለታቸው አይቀርም ነበር።

አንደኛ ደረጃን በአዘና፣ ሁለተኛ ደረጃን በዳንግላ ተምረው፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በ1970 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። ከዳንግላ ወደ መጀመሪያ ምድባቸው የሄዱት በጋሪ ነው። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ፣ ማንም ሳያዝ ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ፤ ዳገት ላይ ለፈረስ መውረድ ያገሩ ወግ ነውና። አገውኛ ብቻ የሚያውቁ ገበሬና አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ነጋዴ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይግባቡ፣ ጎን ለጎን ሆነው ጋሪውን በትከሻቸው ገፉት። መምህር አበረም አዲስ ጫማቸውን አውልቀው፣ በአንድ እጃቸው ጫማ በአንድ እጃቸው ጋሪ ይዘው ገፉ። በሕይወታቸው የጻፉት አንድ ግጥም ከዚያ ዳገት የመጣ ነው፦

ቁልቁለት ሲሆንማ ማን ይጠላል ጋሪ፤
ዳገት ላይ ይታያል ወራጅ እና ቀሪ።
ፈረሱም አፍ የለው ጭነቱን አያማ፤
ላቡን ያየ ሰው ነው ላገር የሚስማማ።

በግምጃ ቤት ከተማ አስተምረው ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ ይህን ግጥም ሳይሸመድድ ከእጃቸው ያመለጠ ተማሪ የለም። ጋሪው ሀገር፣ ፈረሱ ዝም ብሎ የሚሸከም ሕዝብ፣ ዳገቱ ክፉ ቀን፣ መውረዱ ደግሞ ርኅራኄ መሆኑን ጠመኔ እስኪያልቅ ያስረዱ ነበር። “ባንዲራ ማውለብለብማ ቁልቁለት ላይም ይቻላል” ይሉ ነበር።

በ1975 ዓ.ም. ከወ/ሮ ይታይሽ ምህረቴ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሦስት ልጆች፣ ሀይማኖትን፣ ወገኔንና ሰውነትን ወልደዋል። ወ/ሮ ይታይሽ ግን “ከእኔ በፊት ያገቡት ጋሪውን ነው” ማለታቸውን እስከ መጨረሻው አልተዉም።

በ2015 ዓ.ም. የሀይማኖት ልጅ ፀደይ፣ ነገር መሰንጠቅ የምትወደው፣ ግጥሙን ሰምታ “አባባ፣ መውረድ የማይችል ሰው ጋሪው ላይ ቢኖርስ? በሽተኛውንም ቀሪ ሊሉት ነው?” አለቻቸው። መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉ። “አንቺ ልጅ፣ ጎማዬን አተነፈስሽው!” አሉና ለዚያ ሰው የሚሆን የመዝጊያ ስንኝ መፈለግ ጀመሩ። እየጻፉ ይሰርዛሉ። ቤት ይመታል፣ ልባቸውን ግን አይመታም። “ይቺን ሳልቋጭማ አልሞትም” ብለው ነበር።

በዚህ በፍልሰታ ጾም ስትሮክ ድንገት ጣላቸው። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ ያ የሰውን ሁሉ አማርኛ ያረመ አንደበት ተሳሰረ። መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ሚኒባስ የለም፣ ባጃጅ የለም፤ ቢደወል ኔትወርክ የለም። በመጨረሻ የቀድሞ ተማሪያቸው ሀብቱ ፈረሱን ዳማን ጠምዶ መጣና በጋሪ ወደ እንጅባራ ሆስፒታል ተጓዙ።

ዝናቡ አላቆመም። ዳገቱ ላይ ዳማ ተንገዳገደ፤ ከእሳቸው በቀር ሁሉም ወርዶ መግፋት ጀመረ። ይኼኔ መምህር አበረ በግራ እጃቸው የጋሪውን ጣውላ ይደበድቡ ጀመር። ወ/ሮ ይታይሽ “ውኃ ጠምቷቸው ነው” ብለው አጠጧቸው፤ ውኃው ግን በአፋቸው ጥግ ፈሰሰ። ሀይማኖት “በርዷቸው ነው” ብላ ጋቢ ደረበች። ድብደባው ግን አልቆም አለ። ፀደይ ስታይ ደህናው እግራቸው ከጋቢው ወጥቶ መሬት ይፈልጋል።

“አባባ መውረድ ፈልገው እኮ ነው!” ብላ ጮኸች።

ሀብቱ ትከሻውን ከጋሪው ሳያነሣ፣ “መምህር፣ እርስዎ ይተኙ! ዳገቱ የእኛ ነው!” አላቸው።

እጃቸው ጣውላው ላይ አረፈ። ሲፈልጉት የኖሩት ስንኝ ያ የሀብቱ ቃል ይሁን አይሁን መጠየቅ አልተቻለም። ጋሪው እንጅባራ ሲገባ እሳቸው ቀድመው ሄደዋል፤ የገፋ ሁሉ ገፍቶ አላዳናቸውም። ቀኑም ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር።

መምህር አበረ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና መጨረሻ የሌለውን ግጥም ትተው አልፈዋል። ለላቡ ያዘኑለት ፈረስ ዛሬ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በር ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲህ ያመጣቸው የእናንተ የቀባሪዎቻቸው ትከሻ ነው።

የፈረስ ላብ ማየታቸውን ያየ አምላክ የእሳቸውንም ድካም ይይላቸው፤ ነፍሳቸውን ዳገት በሌለበት ያኑርልን። እርስዎ ይተኙ፣ መምህር። ዳገቱ የእኛ ነው።