ቤት በእሁድ ቀን አይታይም

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንዴት ሰነበትክ? ያ ወገብህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም እንደያዘህ ነው? ሚስትህስ ደህና ናት? ልጆቹስ? ትልቋ መነጽር አደረገች ብለኸኝ ነበር፤ ለመደችው? የሰው አገርስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ደህና ነን። እማዬ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ትንሽ አስቸግሯታል እንጂ እጇ እንደ ድሮው ነው። እኔም ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነው ቤቱ ነው፤ የምጽፍልህም ስለ እሱ ነው።

በስልክ ያልነገርኩህ አጎታችን ስለሚቀድሙኝ ነው። እሳቸው ከተናገሩ በኋላ እኔ የምለው ሁሉ ኩርፊያ ይመስላል። በወረቀት ግን ማንም አያቋርጠኝም።

ሰፈራችንን ብታየው አታውቀውም። ከአጥራችን ጎን የነበረው እንጨት መሸጫ ፈርሶ ጉድጓድ ሆኗል። የሚያስቆፍረውን ሰውዬ ሰፈሩ «ፎቅ ሠሪው» ነው የሚለው፤ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ የለም። ቁፋሮው ወደ እኛ ሲጠጋ የሳሎኑ ግድግዳ ተሰነጠቀ። እማዬ መጋረጃ ሰፍታ ሸፈነችው። ስንጥቁ ሲረዝም መጋረጃውንም አስረዘመችው።

ፎቅ ሠሪው የእኛንም ግቢ ይፈልገዋል። በምትኩ ከከተማው ዳር በሠራው አዲስ ሰፈር አንድ ቪላ ሊሰጠን ከአጎታችን ጋር ተስማምቷል። ይህን ታውቃለህ፤ ውክልናውን የላክህላቸው አንተ ነህ። እኔ ግን የሰማሁት ከባለሱቋ ነው። «እንኳን ደስ አላችሁ፣ ቪላ ልትገቡ ነው አሉ» ስትለኝ ዳቦዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። አጎታችንን ስጠይቃቸው አልደበቁኝም። «አንቺ ምን አገባሽ? ሴት ልጅ እንግዳ ናት፤ ነገ ባልሽ ቤት ትሄጃለሽ» አሉኝ። የትኛው ባል እንደሆነ ቢነግሩኝ እኔም ልተዋወቀው እንደምፈልግ ነገርኳቸው። አልሳቁም።

አንድ ነገር ልበልህ። ነፍሱን ይማረውና አባባ ቤቱን በአንተ ስም ሲያስመዘግብ እኔ ፊደል የምቆጥር ልጅ ነበርኩ፤ ማንም አልጠየቀኝም። አንተ ውክልናውን ስትልክ በውሃ መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ነኝ፤ ለግማሽ ከተማ ቧንቧ እነድፋለሁ፤ አሁንም ማንም አልጠየቀኝም። ትምህርቴ ለሰው ቤት እንጂ ለቤታችን አይሠራም ማለት ነው። አላለቀስኩም፣ አላለቅስምም። እንድታውቀው ያህል ነው።

አጎታችን ቪላውን ለእማዬ ያሳዩዋት እሁድ ጠዋት፣ በፎቅ ሠሪው መኪና ነው። መንገዱ ባዶ፣ መሬቱ ደረቅ ነበር። «ወሬያችንን ሳንጨርስ ደረስን እኮ!» እያሉ ሰነበቱ። በዚህ ከተማ ሁሉም ሰው ቤት የሚያየው በእሁድ ነው፤ በሥራ ቀን ማን ጊዜ አለው? የሚገዛው እሁድን ነው፤ የሚኖረው ግን ሰኞን ነው። ስለዚህ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ፣ ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል ባደረበት አንድ ሰኞ፣ እማዬን በማለዳ ይዣት ሄድኩ።

አካሄዳችን ቀላል ነበር፤ ሰዉ ሁሉ ወደ መሀል ከተማ ይጎርፋል፣ እኛ ወደ ዳር። ግራና ቀኙ ባለፈው ዓመት እርሻ ነበር፤ ዛሬ ቤቱ እንደ አሸን ፈልቷል። አስፋልቱ ካለቀበት ቦታ አንዲት ኪዮስክ አለች። ከሰፈሩ በጭቃ የሚወጡት ሰዎች ቦቲያቸውን እዚያ አውልቀው በፌስታል የያዙትን ንጹህ ጫማ ያደርጋሉ፤ ጭቃ የለበሰውን ባለኪዮስኳ እስኪመለሱ ታስቀምጥላቸዋለች። መደርደሪያዋ ላይ ከብስኩቱና ከሳሙናው ይልቅ ጫማው ይበዛል። «እዚህ ለመኖር አራት እግር ያስፈልጋል፣ እናቴ» አለቻት እማዬን። አንዱ ጎረምሳ ደግሞ ጫማውን እያሰረ «እሷን አትስሟት፣ አስፋልት ከመጣ ሥራ ስለምትፈታ ነው» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን።

እማዬ ስለ ውሃ ጠየቀቻት። «በቦቴ ነው የሚመጣው። ቧንቧው በቅርቡ ይገባል ይላሉ» አለች ባለኪዮስኳ።

«ማነው የሚለው?»

«የሸጡልን ናቸዋ።»

የቧንቧውን ነገር እኔ አውቀዋለሁ። ያ መስመር የሚነደፈው እኛ ቢሮ ነው። ውሃ ወደዚያ ሰፈር እንዲወርድ ኮረብታው ላይ መጀመሪያ ማጠራቀሚያ መሠራት ነበረበት፤ ለማጠራቀሚያው በመረጥነው ቦታ ላይ ግን ሌላ ቪላ ቆሟል፤ በረንዳው ላይ ልብስ ተሰጥቷል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ልዋሽህ አልፈልግም፤ ቤቱ ጥሩ ነው። ብርሃን አለው፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው። እማዬ በየክፍሉ ዞራ መስኮቱ ሥር ቆመችና «ማሽኔን እዚህ አደርገዋለሁ» አለች። ወደ ውጭ አየችና «ማን ሊያሰፋ ይመጣል?» ብላ ራሷን ጠየቀች። ስንመለስ የታክሲው ሰልፍ ከኪዮስኩ አልፎ ተጠማዝዞ ነበር። ቤት የደረስነው ቀኑ ካጋደለ በኋላ ነው። ጋዋኗን ልትወስድ ቀጠሮ የነበራት ነርስ መጥታ፣ በሩን አንኳኩታ፣ ተመልሳ ሄዳለች።

አሸነፍኩ ብዬ ነበር። «በቃ፣ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አንልም። ፎቅ ሠሪውንም አጎቴንም እከሳለሁ» አልኳት። እማዬ ተነሥታ መጋረጃውን ገለጠችና ስንጥቁ ውስጥ እጇን እስከ አንጓዋ ከተተችው። «ይኸው ይገባል። አንቺ እዚህ የምትኖሪው ለክርክርሽ ነው፤ ሥሩ የምተኛው እኔ ነኝ። አጎትሽ ወደ ዳር ይገፋኛል፣ አንቺ እዚህ ትቸነክሪኛለሽ፣ ወንድምሽ ከሩቅ ወረቀት ይልካል። ‹አንቺስ?› ያለኝ ግን ከሦስታችሁ አንድ የለም» አለችኝ።

«አንቺስ?» ብዬ ስጠይቃት መልሱ ከኪሷ የወጣ ያህል ፈጠነ። ከገበያው ጀርባ አንዲት የቆየች ደንበኛዋ ልጇ ጋ ልትጠቃለል ስለሆነ ቤቷን ትሸጣለች። ሁለት ክፍል ነው፤ በሩ መንገድ ላይ ይከፈታል፤ ከዚህ በእግር ይደረሳል። ሄጄ አየሁት፤ በሥራ ቀን። ቧንቧው ያረጀ ነው፣ ግን ውሃ አለው። ለማሽኑ አንድ ክፍል፣ ለአልጋዋ አንድ ክፍል። እኔ የት እንደምገባ ስጠይቃት «ደመወዝ አለሽ አይደል? ተከራይተሽ ኑሪ። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ ትበያለሽ» አለችኝ። ስለዚህ ለራሴ ክፍል እየፈለግሁ ነው። ይህን ቤት እንደምወደው ታውቃለህ፤ ግን ይሸጥ። ፎቅ ሠሪው በቪላ ሳይሆን በገንዘብ ይግዛው።

አጎታችን ሊፈርሙ የተቀጣጠሩት ለነሐሴ መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ውክልናቸውን ሰርዘህ አዲስ ላክ። ለእኔ አይደለም። ለእማዬ፣ በራሷ ስም። ዋጋውን እሷ ትነጋገር፤ ጨርቅ ስትከራከር አይተሃታል፣ ፎቅ ሠሪው ራሱን ይጠብቅ። ካልላክህ ግን እኔ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ፤ ጠበቃም አነጋግሬያለሁ፤ ስምህ ከአጎታችን ስም ጎን ይጻፋል። ማስፈራራቴ አይደለም፤ ነገሩ ዱብ ዕዳ እንዳይሆንብህ ብዬ ነው።

ሚስትህን ሰላም በልልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖኛል። ባለመነጽሯን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳምልኝ። ትንሹ መንገድ ላይ ይሮጥ እንደሆነ ተቆጣልኝ፣ ከዚያ ሳመው። አጎታችንም ሰላም ይሉሃል፤ የዛሬውን እኔ ነኝ የጨመርኩላቸው፣ መጻፌን አያውቁም። እማዬ በምርቃት አጥለቅልቃሃለች፤ ሁሉንም ብጽፈው ወረቀቱ አይበቃም።

በሚቀጥለው ስትደውል ስልኩን ማንም ያንሣው፣ እማዬን አቅርቡልኝ በል። ጤንነቷን ከጠየቅሃት በኋላ የት መኖር እንደምትፈልግ ጠይቃትና ዝም ብለህ ስማት። ይህን ጥያቄ ከአንተ አፍ ሰምታው አታውቅም።

እህትህ

ከእማዬ የስፌት ማሽን ጎን፣
ሐምሌ ፲፱ ቀን